የጃፈር ቅንድብ

በድሩ ሃያ ዓመት ሙሉ የኢስሊ ሰፈርን ሙሽሮች ፎቶ ሲያነሳ የኖረ ሰው ነው። ጣቱ ኮምፒዩተሩ ላይ ካረፈች ብጉር የለ፣ ጠባሳ የለ፣ ሁሉንም እንደ እንቁላል ልጦ ያወጣቸዋል። ደንበኞቹም የሚወዱለት ይህንኑ ነው። ከስቱዲዮው ጀርባ ግን ከመምህሩ የወረሳት፣ ፎቶ በፈሳሽ የሚያጥብባት ጨለማ ክፍል አለችው፤ ነፍሱ ያለችው እዚያ ነው።

ያን ቀን የጨርቅ ነጋዴዋ ኩለሱም በሩ ላይ ቆማ ታጣድፈዋለች። ወንድሟ ጃፈር ከሞተ አርባ ቀኑ ሊሞላ ነው፤ ነገ ሞያሌ ሰደቃው ይወጣል። እናቷ ግድግዳቸው ላይ የሰቀሉት በድሮው አሠራር የታጠበ የባላቸው ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለ፤ «ልጄንም እንደዚያው አድርጋችሁ አምጡልኝ» ብለዋል። ጃፈር ግን የቀረው ስልክ ውስጥ ብቻ ነው።

«ሃራካ፣ ቶሎ በል ባክህ፣ ባሱ አስር ሰዓት ይሄድብኛል!»

በድሩ የስልኩን ምስል ኮምፒዩተር ላይ አሳድጎ አጸዳው፤ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አድርጎ ገለበጠና ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ ላይ አተመው። ኔጋቲቩ ይኸው ነው። የፎቶ ወረቀት ግን የቀረችው አንዲት ብቻ ናት፤ ያዘዘው ገና ኢምባካሲ አውሮፕላን ማረፊያ አልደረሰም። ጨለማ ክፍሉ ገብቶ ፕላስቲኩን ወረቀቷ ላይ አስተኝቶ መብራት አሳያት፣ ምስል በሚያወጣው ፈሳሽ ውስጥም ነከራት። በቀዩ አምፖል ስር የጃፈር ፊት ቀስ እያለ ወጣ። «ማሻአላህ!» አለ፤ አጥቦም ይዞላት ወጣ።

ኩለሱም አየችና ፊቷ ተለወጠ። «ይሄ ማነው?»

«ጃፈር ነዋ!»

«ቅንድቡ ላይ ያለው ጠባሳስ? እናቴ ምን ትለኛለች?»

በድሩ ክው አለ። መቼ እንዳጠፋው እንኳ አያውቅም፤ ጣቱ ለምዶበት ነው። አመል ያወጣል ከመሐል ማለት ይሄኔ ነው። ሌላ ወረቀት የለ፤ ባሱም ሊነሳ አንድ ሰዓት አልቀረው።

ወረቀቷን በፀጉር ማድረቂያ አደረቃትና ምላጭ አወጣ። ጥቁሩ ሲፋቅ ከስር ነጩ ይወጣል፤ መምህሩ አስተምሮታል። እጁ ከሳተ ግን የጃፈር ዓይን ይበላሻል። ስልኩ ላይ ያለችው ምስል ደግሞ ትንሽ ናት፤ ደጋግሞ ቢያያትም ቦታውን እርግጠኛ መሆን አቃተው። ምላጩን ወደ ወረቀቷ አስጠግቶ መለሰው።

«አምጣው» አለችው ኩለሱም።

«ተይ ኩለሱም! አንዴ ከሳትሽ አበቃ!»

«በልጅነታችን በድንጋይ የፈነከትኩት እኔ ነኝ። ቦታውን አልስተውም።» ድምፅዋ ተሰበረ። «አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ሳልለው ሞተ።»

በድሩ ምላጩን ሰጣት። ኩለሱም ጎንበስ አለችና ቅንድቡን አንድ ጊዜ ብቻ ፋቀችው። ቀጭን ነጭ መስመር ወጣች።

«አሁን ጃፈር ነው» አለች፤ እዚያው ቁጭ ብላም አለቀሰች።