የግራ ጎኗ መዥገር

መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያባራ ከፍኖተ ሰላም እየወጣን በቡሬ ዙሪያ ገጠር የመዥገር ጥናት እናደርግ ነበር። ሥራዬ ቀላል ነው። ላም ይያዝልኛል፤ እኔ መዥገሩን በወረንጦ እየነቀልኩ አልኮል ወዳለበት ብልቃጥ እከታለሁ። የምለቅመው ከቀኝ ጎኗ ብቻ ነው። ግራውም ያው ነው ተብሎ ቁጥሩ በሁለት ይባዛል።

ከሁሉም ኋላ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ዲቃላ ላማቸውን እየሳቡ መጡ። ከእሷ ወተት በቀር መተዳደሪያ የላቸውም። ላሟ ሣር ከጠላች ሰንብታለች፤ ሽንቷም ቀልቷል። መዥገር የሚያመጣው የደም በሽታ እንደያዛት ገባኝ፤ በእጄ ግን ከብልቃጥ በቀር ምንም አልነበረም።

ቀኝ ጎኗን ለቅሜ ስጨርስ ሴትዮዋ ላሟን አዙረው ግራውን ሰጡኝ። እንደማያስፈልግ፣ የእኛ ሥራ የመዥገሩን ዓይነት ማወቅ እንጂ ማከም እንዳልሆነ፣ ላሟን የሚያድናት መርፌ እንደሆነ ነገርኳቸው። ከፍኖተ ሰላም ድረስ መዥገር ለመቁጠር ብቻ የሚመጣ ሰው አለ ብለው እንዴት ይመኑኝ? ጥናቱ ሲያልቅ የትኛው ቀበሌ ለበሽታው ይበልጥ እንደተጋለጠ ይታወቃል፤ መልካም ነው። የእሳቸው ላም ግን እስከዚያ የምትቆይ አልነበረችም።

መርፌውን ቡሬ ፈለግሁ፤ የለም። ፍኖተ ሰላም አለ ተባለ፤ ወዲያው መንገዱ ተዘጋና እዚያው ቡሬ ቀረሁ። ስልክ ጨብጦ መቀመጥ እንዴት እንደሚያበግን የደረሰበት ያውቀዋል። ብልቃጦቼን ተደርድረው፣ ጽሑፍ ተለጥፎባቸው ሳያቸው ልሰባብራቸው ዳዳኝ።

መንገዱ ሲከፈት መድኃኒቱን አስመጥቼ ገሰገስኩ። ላሟ በዚያው ማለዳ ሞታለች። ሴትዮዋ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ የጣቶቻቸው ጫፍ በደረቀ ደም ጠቁሯል። ጎረቤታቸው እንደነገረችኝ፣ እኔ ከሄድኩ ጀምሮ ግራ ጎኗን ሲለቅሙ ነው የሰነበቱት። ቀኙን የመንግሥት ሰው ለቅሞታል፣ የቀረው የባለቤቱ ድርሻ ነው ብለው።

መርፌውን ኪሴ ውስጥ እንደያዝኩ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። በሽታው ደሟ ውስጥ ስለነበር መዥገሩ ሁሉ ቢለቀምም እንደማትድን ነገርኳቸው።

«ተወው ልጄ» አሉኝ። «አንተስ ያንተን ወገን አጥርተህ ለቅመሃል። ዓይኔ ደክሞ በእኔ በኩል ነው ያመለጠኝ።»

ደግሜ ደጋግሜ አስረዳኋቸው። እሺ፣ እሺ ይሉኛል፤ ዓይናቸውን ግን ከጣቶቻቸው ላይ አላነሡም።