እማማ ሪታ ላይ የቆለፍኩት በር

ይህ የደረሰብኝ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ሜልበርን ከገባሁ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ዛሬም ቤቴን ቆልፌ በወጣሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ሰንሻይን ዌስት የሚባል ሰፈር ስኖር ጎረቤቴ ሪታ የሚባሉ የማልታ አሮጊት ነበሩ። «እማማ» የምትለዋን የጨመርኩላቸው እኔ ነኝ፤ ትልቅ ሰው በባዶ ስሙ መጥራት አልሆንልኝ ብሎ። ልባቸውን ያማቸዋል። አንድ ቀን የተወለዱባትን ጎዞ የምትባል ትንሽ ደሴት ሳላይ አልሞትም ብለው ድርቅ አሉ። ልጃቸው ዶሪስ ከሥራ ፈቃድ አጣች። እኔ ደግሞ ላቨርተን ኖርዝ የምሠራበት መጋዘን ሺፍት ቀንሶብኝ ቤት ውዬ ነበርና ትኬት ቆርጣ አብሬያቸው እንድሄድ ለመነችኝ።

ኤርፖርት ላይ አቅፋኝ፣ «እናቴን ይዘሽ እንደሄድሽ፣ እናቴን ይዘሽልኝ ነይ» አለችኝ። አደራ ምን እንደሆነ ሳታውቅ አደራ አሸከመችኝ። አውሮፕላኑ ውስጥ እማማ ዓይናቸውን በጨፈኑ ቁጥር ጎንበስ ብዬ ትንፋሻቸውን አዳምጥ ነበር።

ጎዞ ጸጥ ያለች ናት። ባሕር፣ ቢጫ የድንጋይ ቤቶች፣ ልክ እንደ ወሎ የቁልቋል አጥር። እኔን ግን ጸጥታው ራሱ ያስፈራኝ ነበር። ከሁሉ የባሰው፣ የየቤቱ ቁልፍ በውጭ በኩል በሩ ላይ ተሰክቶ ይውላል።

«እማማ፣ ሌባ ቢገባስ?»

«የማን ልጅ ሆኖ?» ብለው ሳቁብኝ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ባረፍንበት ቤት ፎቅ ላይ ጋደም አሉና፣ «እኔን ስትጠብቂ ባሕሩን ሳታዪ ልትመለሺ ነው፤ ሂጂ» ብለው አባረሩኝ። ስወጣ ያ ቁልፍ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል። አላስቻለኝም። የታመመች አሮጊት ተኝታ ቤቱን ለመንገደኛ ትቼ ልሂድ? ቆለፍኩና ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

የባሕሩ ዳርቻ አሸዋ ቀይ ነው፣ ሸክላ ይመስላል። ጫማዬን አውልቄ እግሬን ነከርኩ። ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ ልቤ እንደዚያ አርፎ አያውቅም። ብዙም ሳይቆይ ግን አንድ ሐሳብ ሰቅዞ ያዘኝ፤ እማማ ቢያማቸው በየት ይወጣሉ? ማንስ ይገባላቸዋል? ሌላ ቁልፍ የለም። ጫማዬን በእጄ እንደያዝኩ «ያ አላህ፣ ዛሬን ብቻ» እያልኩ ዳገቱን በሩጫ ተያያዝኩት።

መታጠፊያው ላይ ስደርስ ደጃችን በሰው ተሞልቷል። ጥቁር የለበሱ አሮጊቶች ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። አንድ ቄስ መሐላቸው ቆመዋል። እኔ ባደግሁበት አገር ደጅ ላይ እንዲህ የሚቀመጠው ሰው ሲሞት ነው።

 እናቴ ደሴ ላይ ስትሞት እኔ ሱዳን፣ ስደተኞች ካምፕ ነበርኩ፤ ደጇ ላይ ቆሜ አላለቀስኩላትም። ያ ሁሉ ታፍኖ የኖረ ለቅሶ አሁን አንድ ላይ ወጣ። አንቱታውም ጠፋኝ። ደረቴን እየመታሁ፣ «እማማዬ! ቆልፌብሽ ሄጄ! ለልጅሽ ምን ልበላት!» እያልኩ በአማርኛ ኡኡታዬን አቀለጥኩት። አሮጊቶቹ ደንግጠው ብድግ አሉ፣ አማተቡ።

በፎቁ መስኮት አንድ ራስ ብቅ አለ።

«ማን ነው የሞተው?» አሉ እማማ ሪታ።

ለካስ ጎረቤቶቹ እንኳን ደህና መጣሽ ሊሏቸው ነው የመጡት። በሩ ተቆልፎ ሲያገኙት ወንበር አምጥተው በመስኮት ሲያወሯቸው ቆይተው፣ እኔ ስደርስ እማማ ለአፍታ ወደ ውስጥ ገባ ብለው ነበር። ጥቁሩም የዘወትር ልብሳቸው ነው። እኔ መንገዱ ላይ ቁጭ ብዬ እያለቀስኩ ሳቅኩ። እማማ ግን አልሳቁም። በሩን ከፍቼ ስገባ ደረጃው ላይ ጠብቀው ፊቴን በቀሚሳቸው ጠረጉልኝ።

እናቷን ለዶሪስ በሰላም አስረከብኳት። እማማ ያረፉት ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሰንሻይን ዌስት፣ አልጋቸው ላይ ነው። ቀብሩ ላይ ሁሉም ጸጥ ብሏል፤ እኔም ሻሼን በጥርሴ ነክሼ ቆምኩ። ዶሪስ ጠጋ ብላ፣ «እናቴ፣ ‹እሷ ለእኔ አልቅሳ ጨርሳለች፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ› ትል ነበር» አለችኝ።

እናቴ ለቅሶዬን አልሰማችም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እማማ ሪታ ግን ሰምተውኛል።