በግራ በኩል የተቀመጠ ሳህን

ጎረቤታችንን ሐጂን ልጠይቅ ሆስፒታል ስገባ የዓሣና የሩዝ ሽታ በሩ ላይ ተቀበለኝ። ያው የአያቴ ክፍል ሽታ ነው።

አያቴ የድሬዳዋ ነጋዴ ነበረች። ጅቡቲ ላይ አርጅታ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ቀኝ ጎኗን ስትሮክ መታትና ሆስፒታል ተኛች። ነርሷ ምሳዋን በደህናው በግራ እጇ በኩል አስቀምጣ ትሄዳለች። ስትመለስ ምግቡ እንዳለ ነው። በፈረንሳይኛ "አሮጊቷ እምቢ አለች" ትልና ይዛው ትወጣለች። አያቴ ሳህኑን በዓይኗ ትሸኘዋለች።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ "ለምን አትበይም?" አልኳት።

"ቢስሚላህ ብዬ በግራዬ ልጉረስ? ስድስት ልጅ ያጎረስኩት በቀኜ ነው። ከስድስቱ አንዱ መጥቶ ያጉርሰኝ!"

ልጆቿ ሱቅ ላይ ነበሩ። የቀዘቀዘውን ሩዝ እኔ አጎረስኳት፤ ተስገብግባ በላች። ለነርሷ ስነግራት "ጎበዝ ልጅ" ብላ ጉንጬን ነካ አደረገችኝ። በማግስቱም ሳህኑ በግራ በኩል ነበር።

ዛሬ የሐጂ ቀኝ እጅ አንሶላው ላይ እንደ ዕቃ ተጋድሟል። አንዲት ወጣት ነርስ ገብታ በግራቸው በኩል ያለውን ሳህን አነሳች።

"ዛሬም እምቢ አሉ" አለችኝ።

ሐጂ ሳህኑን በዓይናቸው ሸኙት። ሳህኑን ከእጇ ቀምቼ ሐጂ አጠገብ መለስኩትና እጄን የምታጠብበት ቧንቧ ፍለጋ ወጣሁ።