ሰይድ ያልቀመሳት ዶሮ

ዛሬ ጎረቤቴ ሰይድ ግቢዬ ሲገባ፣ ከሰል ላይ የምትጠበሰውን ዶሮ አይቶ፣ «ማን አረዳት?» አለኝ።

«እኔ» አልኩ። በስመ አብ ብዬ ማረዴ ትዝ ሲለኝ ክው አልኩ። ለካ ለእሱ አትሆንም!

ባለቤቴ ታማ ሳለች ከኮምቦልቻ ደሴ ሆስፒታል ያመላለሰን ሰይድ ነው። ለምስጋና ነበር የጠራሁት። (ብልት ማውጣት ስለማልችል ሙሉዋን ነው የጠበስኳት።)

«አብሽር ወንድሜ፣ ዳቦው ይበቃኛል። ደግሞ አርራለች፣ ለአንተም አዘንኩ» ብሎ ሳቀ።

እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ። ድሮ እሱን ስንጠራ፣ የእሱን ዶሮ አስቀድማ እነሱ ቤት ልካ የምታሳርደው ባለቤቴ ነበረች። የእኔ ሥራ ና ብሎ መጥራት ብቻ ነበር። ስንት ዓመት አብረን ስንበላ፣ አንድ ቀን እንኳ አላመሰገንኳትም። ነፍሷን ይማርልኝ።

እናንተስ፣ የቤታችሁ ሰው ዝም ብሎ ሲያስብላችሁ የኖረውን ያወቃችሁት ካለፈ በኋላ ነው? እስቲ ንገሩኝ።