የቀብር መልስ ውሃ

ባለፈው ቅዳሜ የሻወራችንን ራስ ፈትቼ አቼቶ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለሚኖር ሰው ውሃ እንደ ሽማግሌ እንግዳ ነው፤ ደረጃው አድክሞት፣ ትንፋሽ አጥሮት ነው የሚደርሰው። ለመታጠብ ከአንዱ ጠብታ ወደ ሌላው መሯሯጥ ነበረብኝ፤ ከሆዴ ስፋት የተነሳ ደግሞ ግማሹ አካሌ ሁሌም ደረቅ ነው። ባለቤቴ ቧንቧ ሠራተኛ ጥራ እያለች ስትወተውተኝ ከረመች። እኔ ግን ቀዳዳዎቹን የደፈነው ነጭ ቅርፊት በአቼቶ እንደሚለቅ አውቃለሁ። አሳደርኩት፣ በመርፌ ጠረግ ጠረግ አደረግኩት፣ መልሼ ገጠምኩት። ስከፍተው ውሃው ፏ ብሎ ወረደ።

ባለቤቴ ከሳሎን ድምፁን ሰምታ "እጅህ ይባረክ" አለችኝ።

እኔም ከውሃው ስር ብቻዬን ቆሜ አፈርኩ። ይቺን ምርቃት በውሃ ምክንያት ስሰማ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ወጣት ሆኜ የምንኖረው አብነት ሰፈር ነበር። ከጠዋት እስከ ማታ ብረት ይቀጠቀጣል፣ ይበየዳል፤ የሚቃጠል ጎማና የትኩስ ዳቦ ሽታ አንድ ላይ ነው የሚመጣው። ማትሪክ ወድቄ አጎቴ ጋራዥ እውል ነበር። እሠራ ነበር ያላልኩት አጎቴ በሕይወት ስላሉ ነው። ከዚያ ጋራዥ አንድ አሮጌ የውሃ መሳቢያ ዲናሞ ይዤ መጣሁ።

ጊዜው የካቲት ነው። አቧራው አፍንጫ ውስጥ ይጋገራል፣ የቧንቧው ውሃ ክር አክሏል። ዲናሞ ያለው ሰው መጀመሪያ ታንከር ሞልቶ ከታንከሩ ነው መሳብ ያለበት። እኛ ታንከር የለንም። ስለዚህ ከጎረቤት ጋር በምንጋራው መስመር ላይ ቀጥታ ገጠምኩት። ቁልፉን ስጫን፣ ጓሮ በቆርቆሮ የከለልናት መታጠቢያ ውስጥ ውሃው እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደ። እናቴ ልጄ ኢንጂነር ሆነ ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አወራች።

ከአጥራችን ማዶ ጋሽ አሰፋ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ታመው ቤት ከዋሉ ሰንብተዋል። መስመሩ እኛን አልፎ ነው እሳቸው ጋ የሚደርሰው። አንድ ቀን አስጠሩኝና ውሃችን ምን ነካው፣ መቼም አንተ ታውቃለህ አሉኝ። ቧንቧቸውን ፈትቼ ከአፉ ላይ ካለችው ወንፊት አሸዋ አራገፍኩ። ስከፍተው ኩልል አለ። ዲናሞዬ ጠፍቶ ነበራ። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ቅቤ የጠጣ ፍርፍር አቀረቡልኝ፤ ጋሽ አሰፋ ከአልጋቸው ቀና ብለው "እጅህ ይባረክ" አሉኝ። በላሁ፣ ተመረቅኩ፣ ቤቴ ገብቼ ዲናሞውን አስነሳሁ። በነጋታው እንደገና ቀጠነ ሲሉኝ፣ መስመሩ አየር ስቦ ይሆናል አልኳቸው። አየሩ እኔ ነበርኩ።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ አሰፋ አረፉ።

የዕድራችን ዳኛ ለወጣቶቹ ሥራ ሲያከፋፍሉ ወደ እኔ ዞረው "አንተ ውሃ ላይ ነህ" አሉኝ። "ሰው ከቀብር ሲመለስ እጁን ሳይታጠብ ድንኳን አይገባም። አደራ።" ሰው ሁሉ ሬሳውን ተከትሎ ወደ ልደታ ማርያም ወጣ። እኔ ሐዘን ቤቱ በር ላይ በርሜል አቆምኩ፣ ከእትዬ ብርቄ ቧንቧ ጎማ ዘርግቼ ውሃውን ለቀቅኩበት። እስኪሞላ ምን ልሁን? ድንኳን ስንተክል አልቦኛል፤ እንዲህ እየሸተትኩ ሰው ማስታጠብ ነውር መሰለኝ። ቤቴ ገባሁና ዲናሞውን አስነሳሁ።

የገዛ ዲናሞዬ የገዛ በርሜሌን ውሃ እንደሚስብ ለማወቅ ማትሪክ ማለፍ አያስፈልግም። ለእኔ ግን አስፈልጎ ኖሯል።

ፀጉሬን አረፋ በአረፋ አድርጌ፣ ጭራሽ እያፏጨሁ ሳለ፣ ቆርቆሮው ቀስ ተብሎ ተንኳኳ። የዕድሩ ዳኛ ናቸው።

"ልጄ፣ ያቺን ዲናሞ አጥፋት።"

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አጠፋሁ፤ ከራሴ በላይ ያለው ውሃም አብሮ ጠፋ። ፎጣ አገልድሜ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ተከትያቸው ወጣሁ። ቀብሩ እንዲህ ቶሎ ያልቃል ብዬ አላሰብኩም። ለቀስተኛው እጁን ከልብሱ አርቆ፣ አቧራው ላይ ተሰልፎ ቆሟል። በርሜሉ ውስጥ ቂጡን የምታርስ ውሃ ብቻ አለች። ከኋላ አንዱ ጎረምሳ "ኢንጂነሩ መጣ" አለ። ማንም አልሳቀም።

ያን ጊዜ ጎማው ሳል ሳል አለና ውሃው መጣ። የዕድሩ ዳኛ የመጀመሪያውን ጆግ ቀድተው ወደ እትዬ ብርቄ ዘረጉ፤ ከሁሉ በፊት እሳቸው ናቸው መታጠብ ያለባቸው። እትዬ ብርቄ ዓይናቸው አብጧል፣ ነጠላቸው ተዘቅዝቋል። ጆጉን ተቀብለው እኔን አዩኝ።

"ና፣ ዝቅ በል" አሉኝ። "ዓይንህን ያቃጥልሃል።"

ባላቸውን ቀብረው በተመለሱበት ሰዓት፣ ያቺን የመጀመሪያ ጆግ እኔ ራስ ላይ ጨረሷት። በሌላ እጃቸው ፀጉሬን እያሹ አረፋውን አስለቀቁልኝ። ከሳሙናው ጋር ሌላም ነገር ከዓይኔ ወርዷል፤ ማንም እንዳይለይብኝ ፊቴን ዝቅ እንዳደረግኩ ቆየሁ።

አንድ ሰው ጋቢ ጣል አደረገብኝና ጆጉን ተቀብዬ ሁሉንም አስታጠብኩ። የታጠበው ሁሉ እንደ ልማዱ ተባረክ ይለኛል። እጅ እንጂ ፊት አላየሁም። ንፍሮው ሲዞር ለእኔም ዘገኑልኝ፤ እስኪቀዘቅዝ መዳፌ ላይ ይዤው ቀረሁ። ዲናሞውን በማግስቱ ፈትቼ ወደ ጋራዡ መለስኩት። ከዚያ ወዲህ የእነ እትዬ ብርቄ ውሃ አየር ስቦ አያውቅም።

የዛሬው ሻወሬ ከማንም አልቀማም፤ የተደፈነ ቀዳዳ ነው የከፈትኩት። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ቢሆንም ፀጉሬን፣ የቀረችኝን ማለቴ ነው፣ ሳሙና ከመቀባቴ በፊት ውሃውን እዘጋና ደረጃው ላይ የሰው ኮቴ ካለ አዳምጣለሁ። ባለቤቴ ባሌ እንዴት ያለ ውሃ ቆጣቢ መሰላችሁ እያለች ለጎረቤት ታወራለች። እናቴም ያኔ ኢንጂነር ብላ አውርታልኝ ነበር። ሁለቱንም አላረምኳቸውም።