አራተኛው ዓላማ

የሰው ልጅ ለምን መሮጥ እንዳለበት በጽሑፍ እንዳብራራ የተጠየቅሁት በደርግ ጊዜ፣ ሐዋሳን ገና አዋሳ እያልን በምንጠራበት ዘመን ነው። እኔ ራሴ ከመኝታ ቤቴ እስከ ቤተ መጻሕፍት ከመሄድ ያለፈ እንቅስቃሴ አድርጌ አላውቅም። ኮሌጅ ውስጥ ቋንቋ አስተምር ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የተከፈተው የጤናና የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ክፍል ዓላማዎቹን ጽፎ እንዲያቀርብ ከበላይ ሲታዘዝ ኃላፊው ቢሮዬ ድረስ መጣ።

«ጓድ፣ አንተ ቃላት ታውቃለህ፤ እኛ ጡንቻ እናውቃለን» አለኝ። «እንረዳዳ።»

ኃላፊው ቡልጋሪያ ተምሮ የተመለሰ፣ ለሻይ ሲወጣ እንኳ ፊሽካውን ከአንገቱ የማያወልቅ ሰው ነበር። ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይህን መጻፍ ይቀለኝ ነበር።

የዚያ ክፍል ዓላማ ምን መሆን እንዳለበት ለማወቅ ከተማውን አንድ ጊዜ ዞሮ ማየት ይበቃል። ፒያሳ ሱቁ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ እግሩ የሚያብጥበት ነጋዴ አለ፤ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ጀልባ ሲጎትት ኖሮ ወገቡ ቀና አልል ያለው ዓሣ አጥማጅ አለ። ለእነዚህ ሰዎች የሚሆን ባለሙያ እናውጣ ብዬ በስብሰባ ተናገርሁ። ኃላፊው «እሱ የክሊኒክ ሥራ ነው» አለ። ሌላው ነጋዴውን ከዓሣ አጥማጁ ለምን እንዳስቀደምሁ ጠየቀኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ሙሉ «አምራች ኃይል» እና «እናት አገር» የሚሉትን ቃላት ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ስናዘዋውር ከረምን።

አራተኛው ዓላማ የእኔ ነው። «ተመራቂው የሚያስተምረውን ሁሉ አስቀድሞ በገዛ አካሉ ሠርቶ ያሳያል» ይላል። የጻፍሁት ሆዱ ቀበቶውን አልፎ የተንጠለጠለውን አንድ የክፍሉን መምህር ለመጎንተል ነበር። ባለ ሆዱን ጨምሮ ሁሉም እጃቸውን አወጡ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ በስቴንስል ተባዝቶ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ።

ከሁለት ወር በኋላ አንዲት ተመራቂ ተማሪ ቢሮዬ ገባች። የቱላ ልጅ ናት። በሕፃንነቷ ፖሊዮ ግራ እግሯን አቅጥኖታል፤ በምርኩዝ ነው የምትሄደው። ምደባው ከአዲስ አበባ በወረቀት ስለመጣ እግሯን ያየ አልነበረም። በአጥንትና በጡንቻ ትምህርት ግን የሚስተካከላት አልነበረም።

«መምህር፣ አራተኛዋን የጻፏት እርስዎ ነዎት አሉኝ።»

«እኔ ነኝ።»

«ታምራለች። ልታባርረኝ ነው።»

ለካ ክፍሉ በዚያች ዓረፍተ ነገር መነሻነት ተመራቂ ሁሉ ሜዳውን አምስት ዙር እንዲሮጥ ወስኗል። ያልጨረሰ አይመረቅም።

«የሰለለ እግር እንዴት እንደሚፍታታ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ካለ ያምጡልኝ» አለች። «ሩጫ ግን ከየት አመጣለሁ?»

አንድ መስመር መሰረዝ ነው፣ ቀላል ነው አልኋት። ቀላል አልነበረም። በዚያ ዘመን በሙሉ ድምፅ የጸደቀ ነገር አይሳሳትም፤ የሚሳሳተው ሰው ብቻ ነው። ነጥቡ እንደገና እንዲታይ ጸሐፊው በጉባኤ ፊት ቆሞ ግለ ሂስ ማድረግ፣ ማለትም ጥፋቱን በራሱ አንደበት መዘርዘር እንዳለበት ኃላፊው አስረዳኝ።

አደረግሁት። ሦስት ገጽ ሙሉ ራሴን ወቀስሁ። ስንፍናዬን፣ የንዑስ ከበርቴ ትዕቢቴን፣ ለቃላት ማማር ብዬ ሰው መርሳቴን አነሳሁ። የባለ ሆዱን ነገር ብቻ ዘለልሁት። ስጨርስ መጀመሪያ የተነሳው እሱ ነው።

«እንዲህ ያለ ግለ ሂስ በዚህ አዳራሽ ሰምቼ አላውቅም» አለ። ተጨበጨበ። ሂሱ ከቃለ ጉባኤው ጋር እንዲያያዝና ለአርአያነት ተባዝቶ ለሌሎች ክፍሎች እንዲታደል ተወሰነ።

«ዓላማውስ?» አልሁ።

ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። «ጓድ፣ አንተ ታርመሃል። ዓላማው ምን አደረገ?»

ይህንኑ ሄጄ ነገርኋት። «እና ለእርስዎ ተጨበጨበልዎ» አለችኝ።

በፈተናው ቀን ጠዋት ሁሉም ሮጠው ጨረሱ። እሷ በምርኩዟ ገና ሁለተኛው ዙር ላይ ነበረች። ከዛፍ ሥር ከተጋደሙት አንዱ «ጋሪ ይጠራላት» አለ፤ ጎኑ ያለችው ልጅ በጫማዋ መታችው። ሦስተኛውን ዙር ስትጨርስ ኃላፊው ሜዳው ዳር ወደቆምሁበት መጣ።

«አምስት ሰዓት ላይ ስብሰባ አለኝ» አለ። ቅጹ ላይ «ፈጽማለች» ብሎ ጻፈ፤ የጨረሰችበትን ሰዓት አራት ተኩል አደረገው፤ ፈረመና ሰጠኝ። «ጽሑፍህ በስንት ደቂቃ አይልም። እኔም አልልም።»

ወረቀቱን ይዤ ሮጥሁ። ደረስሁባት። «በቃሽ፣ አልፈሻል፤ ተፈርሟል።»

አልቆመችም። «ስንት ቀረኝ?»

«ሁለት ዙር። ግን ተፈርሟል እኮ።»

«እንግዲያው ወረቀቱን ይያዙልኝ፤ ከፊቴም ፈቀቅ ይበሉ።»

ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። ከዛፉ ሥር የነበሩት አንድ በአንድ ወደ ምሳ ሄዱ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ጨረሰችና ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ወረቀቱን አነበበች፤ ብዕሬን ተቀብላ አራት ተኩል የሚለውን ሰረዘች፤ ትክክለኛውን ሰዓት ጻፈች።

«ያዩት እርስዎ ነዎት፤ ይፈርሙበት።»

ፈረምሁ። በማግስቱ ሬጅስትራር ስርዝ ድልዝ ያለበት ቅጽ አንቀበልም አለ። ኃላፊው ሳይነጫነጭ ሌላ ሞላ፤ አራት ሰዓት ተኩል፣ ፈጽማለች። የተመረቀችው በዚያኛው ነው። ባልጨረሰችበት ሰዓት የተሞላው ቅጽ ፋይሏ ውስጥ ገባ።

የተመለሰውን ቅጽ ቀድጄ ልጥለው ስል ቢሮዬ የመጣችው ተማሪ እጇን ዘረጋች። አራት ቦታ አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችውና ከቢሮዬ ወጣች።