ከፔዳሉ ስር ያስገባኋት ጣውላ

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ነዳጅ በኩፖን በሚታደልበት ዘመን፣ ጂንካ ውስጥ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ሆኖም ሰዎች ጸሎት ጨርሰው «አሜን» ሲሉ በሰማሁ ቁጥር ዛሬም ፊቴን ሐፍረት ይለበልበኛል።

የተወለድኩት ጎጃም፣ ደብረ ወርቅ ነው። ነርስነት ተምሬ ስጨርስ ዕጣዬ ጂንካ ወጣ። እናቴ «ለመሆኑ ከዚያ ወዲያ አገር አለ?» እያለች ነው የሸኘችኝ። አገሩንም ሰዉንም ቶሎ ለመድኩ። ያልለቀቀኝ ቁጠባዬ ነው። ቤተ ክርስቲያን የማበራውን ጧፍ እንኳ ግማሹ ሲነድ አጥፍቼ፣ ለሚቀጥለው እሁድ በመሐረብ ጠቅልዬ እመለስ ነበር። እግዚአብሔር ልብን ያያል እያልኩ።

የምሠራበት ጤና ጣቢያ አንዲት የናፍጣ መኪና ነበረችው። ሹፌሯ ጋሽ ጳውሎስ ይባላሉ። የአሪ ሰው ናቸው፣ ፕሮቴስታንት፣ መዝሙር ሳያንጎራጉሩ መሪ የማይጨብጡ። ከአንድ መካኒክ ወዳጃቸው ጋር ሆነው፣ ገደል ገብታ ከተጣለች መኪና ላይ ቱርቦ ፈቱና ለእኛይቱ ገጠሙላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አቀበት ላይ ታፏጫለች። የጂንካ ሰው መኪናዋን ሳያያት በፉጨቷ ያውቃት ጀመር።

የነዳጁ ኩፖን በእኔ እጅ ስለነበር እኔን ፉጨቱ እንቅልፍ ነሳኝ። ነዳጁ በዚያች ፉጨት በኩል ሾልኮ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር።

«ጋሽ ጳውሎስ፣ ይቺ ነገር ምንድን ነው የምትሠራው?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ጭሱ ሲወጣ እሷን ያሽከረክራል። እሷ ደግሞ ለሞተሩ አየር ትነፋለታለች። እንደ ወናፍ በያት።»

ወናፍ አውቃለሁ። «ወናፍ ሲነፋማ ከሰሉ ቶሎ ያልቃል» አልኩ።

«ከሰሉ ያልቃል። ግን ብረቱም ቶሎ ይግላል። ሲስተር፣ ነዳጅ የሚጠጣው ቱርቦ አይደለም፣ እግር ነው። በልኩ ከረገጥሻት ከድሮውም ያነሰ ነው የምትጠጣው።»

ይህን ሲሉኝ ቀኝ እግራቸውን አየሁት። ትልቅ እግር ነው።

የዚያን ዓመት ዐቢይ ጾም ሳይጋመስ ዝናቡ ገባ። መንገዱ ተበላሸና ከአርባ ምንጭ ነዳጅ የሚያመጣልን መኪና ቀረ። በርሜሉ ውስጥ እንጨት ሰድጄ ስለካ ጫፉ ብቻ ረጥቦ ወጣ። ጋሽ ጳውሎስን «ቀስ ብለው እንደሚነዱ በቅዱስ ገብርኤል ይማሉልኝ» አልኳቸው።

«እኛ አንምልም ሲስተር። እሺ ካልኩ እሺ ነው።»

መሐላ የሌለው እሺታ ለእኔ ክዳን እንደሌለው ማሰሮ ነው። እንግዲህ የሚጠጣው እግር ከሆነ፣ እግሩን ማስጾም ነው ብዬ ወሰንኩ።

እሁድ ቀን፣ እሳቸው ጸሎት ቤታቸው ሳሉ፣ ከመድኃኒት ሳጥን የተረፈ ጣውላ ሁለት ጣት ያህል አወፍሬ ጠረብኩ። በሰንበት፣ ያውም ቅዳሴ አስቀድሼ በመጣሁበት ነጠላ። እግር እንዳይቧጥጥ ብዬ ጠርዙን ሳይቀር ሞረድኩት። መኪናዋ ውስጥ ገባሁና በስመ አብ ብዬ፣ ከነዳጅ መስጫው ፔዳል ስር፣ ከላስቲክ ምንጣፉ በታች ሸጎጥኩት። ፔዳሉን በእጄ ተጫንኩት። ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ።

እኔም በጾም፣ መኪናዋም በጾም። ምሳዬን ሽሮ በልቼ እፎይ ብዬ ተኛሁ።

ሰኞ ጠዋት ከካኮ መልእክት መጣ። አንዲት ሴት ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ገበያው ድረስ አምጥተዋታል። በቶሎ ጂንካ ካልደረሰች እሷም ልጇም አይተርፉም። የቀረችዋን ናፍጣ ቀድተን ወጣን።

ስንሄድ ብዙው መንገድ ቁልቁለት ስለሆነ ችግር አልነበረም። ጋሽ ጳውሎስ አንድ ሁለቴ ፔዳሉን ረገጥ ረገጥ አደረጉና «ዛሬ ምን ሆናለች? አታፏጭም» አሉ። እኔ የጸሎት መጽሐፌን ማንበቤን ቀጠልኩ።

ካኮ ስንደርስ ሴትየዋ ዛፍ ጥላ ስር ተኝታለች። ላብ አጥምቋታል። ባሏ እጇን ይዞ አጠገቧ ቁጢጥ ብሏል። ከኋላ አስተኛናት፤ ባሏና አራቱ ተሸካሚዎች ገቡ፤ ተመለስን።

አቀበቱ ጋ ስንደርስ ቀይ አፈሩ በዝናብ ላቁጧል። መኪናዋ ትንሽ ወጣች፣ አቃሰተች፣ ቆመች። ጋሽ ጳውሎስ ወደ ኋላ ለቀቁና በአንደኛ ማርሽ እንደገና ሞከሩ። ቆመች። ለሦስተኛ ጊዜም ቆመች። ወርደን ገፋን። እኔም ነጠላዬን አደግድጌ ገፋሁ። ጎማው የረጨው ጭቃ አፌ ውስጥ ገባ። ሴትየዋ ከፊቴ እያቃሰተች፣ እኔ የማስበው ጭቃ መዋጥ ጾም ይሽር እንደሆነ ነበር።

ጋሽ ጳውሎስ ኮፈኑን ከፈቱ። ቱርቦዋን እንደ ታመመ ልጅ ዳሰሷት።

«ሲስተር፣ የነካሽው ነገር አለ?»

«እኔ ሞተር አልነካሁም» አልኩ። እውነቴን ነው፤ ሞተሩን አልነካሁትም።

ባልየው በአሪኛ አንድ ነገር ተናገረ። ጋሽ ጳውሎስ ሲተረጉሙልኝ ድምፃቸው ሰልሏል። «መኪናዋ ከደከማት እኛ እንሸከማት ነው የሚለው።» የሴትየዋን የልብ ምት ለክቼ ነበር። ጂንካ በትከሻ ግማሽ ቀን ነው። ያን ያህል ጊዜ አልነበራትም።

ያኔ ጋሽ ጳውሎስ ቆባቸውን አውልቀው ጭቃው ላይ ተንበረከኩ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መጸለይ ጀመሩ። በአማርኛ ነው፤ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል።

«ጌታ ሆይ፣ በዚህች ቱርቦ ተመክቻለሁ። በእጄ ሥራ ኮርቻለሁ፤ እንደ እኔ መኪና ያለ የለም ብያለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። በእኔ ትዕቢት ይህችን ሴት አትውሰዳት።»

ተሸካሚዎቹ «አሜን» አሉ። እኔም አብሬ «አሜን» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ በጆሮዬ ሰማሁት። እኔ ለነፍስ አባቴ እንኳ የምናዘዘው በሹክሹክታ ነው። እኚህ ሰው ግን በእኔ ኃጢአት፣ ሰው ፊት፣ ጭቃ ላይ ተንበርክከው ንስሐ ይገባሉ። እኔ ደግሞ ቆሜ አሜን እልላቸዋለሁ።

«ጋሽ ጳውሎስ፣ ጸሎቱን ትንሽ ያቁሙት» አልኩ።

ዓይናቸውን ገለጡ። ወደ ሹፌሩ በር ሄድኩ፣ ምንጣፉን አነሳሁ፣ ጣውላውን መዝዤ አወጣሁና ሰጠኋቸው።

«ይሄ የማን ነው?»

«የእኔ ነው። የሚጠጣው እግር ነው ስላሉኝ ነው።»

አገላብጠው አዩት። የሞረድኩትን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ።

«መኪናዋን አስጾምሻታ» አሉ። ጣውላውን መለሱልኝ። «በይ ግቢና ያዢው። በሁለት እጅሽ።»

ነገሩን ለባልየው በአሪኛ አስረዱት። ሰውየው እኔን አየ፣ ጣውላውን አየ፣ አንዲት አጭር ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ጾም ላይ ነሽ። ባትሰሚው ይሻላል።»

መኪናዋ አቀበቱን እያፏጨች ወጣችው። ጣውላዬን ታቅፌ ስሰማው እንደዚያ ፉጨት የጣመኝ ዜማ ያለ አልመሰለኝም። ጂንካ በጊዜ ደረስን። ከቀትር በኋላ ሴት ልጅ ተወለደች፤ እናቲቱም ተረፈች።

ጋሽ ጳውሎስ ጠርተውኝ የነዳጁን መለኪያ አሳዩኝ። አቀበቱ ስር በአንደኛ ማርሽ ስታቃስት የጠጣችው፣ ከካኮ ጂንካ ለመድረስ ከሚበቃት አይተናነስም። ጾም ያስያዝኳት መኪና በአንድ ቀን የሁለት ቀን ቀለቧን በላች።

ለነፍስ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። መጀመሪያ «ቱርቦ ምንድን ነው?» አሉኝ። ወናፍ ነው አልኳቸው። ለጣውላው ምንም አላሉኝም። ለአሜኑ ግን አርባ ስግደት ሰጡኝ።

ከጋሽ ጳውሎስ ጋር ጡረታ እስኪወጡ አብረን ሠራን። ጠዋት ከመነሳታችን በፊት «ሲስተር፣ ዛሬ ፍስክ ነው?» ይሉኛል። እኔም ጎንበስ ብዬ ምንጣፉን ገልጬ አሳያቸዋለሁ። ዛሬ ጣውላዋ የጠረጴዛዬን አጭር እግር ደግፋ ትኖራለች፤ የተፈጠረችለት ሥራ ይኸው ኖሯል። እኔም ቁጠባዬን አልተውኩም፤ ጧፌን ግን አሁን እስከ መጨረሻው አነድዳለሁ። ሰው ሲጸልይ ደግሞ፣ አሜን ከማለቴ በፊት፣ የሚናዘዝበት ጥፋት የእኔ አለመሆኑን አዳምጣለሁ።